ማታ የሚደፈርሰው ጅረት

«አንቺ በመጣሽ ቀን ሁልጊዜ ጥሩ ነው።»

እንዲህ ያሉኝ እማማ ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ መንደሩም እማማ ነው የሚላቸው። ጠዋት ነው። እኔ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጅረቱ ውስጥ ገብቼ የናሙና ጠርሙስ አለቀልቃለሁ። እሳቸው ከጎኔ ቢጫ ጀሪካናቸውን በጣሳ ይሞላሉ። ውሃው ጥርት ከማለቱ የተነሳ ሥሩ ያለው ጠጠር ይቆጠራል። «እማማ፣ ዛሬ ውሃው ጥሩ ነው አይደል?» አልኳቸው። ዝም ከምንባባል ብዬ ነው። እሳቸው ግን ጣሳውን እንደያዙ ቀና ብለው አዩኝና ያንን መለሱልኝ።

ምርቃት መሰለኝ። እግረ እርጥብ ነሽ ያሉኝ ያህል ደስ አለኝ። ፈገግ ብዬ ጠርሙሴን ሞላሁ። ክዳኑን አጠበቅኩ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፍኩበት፣ አይስ ቦክስ ውስጥ ከተትኩት። እማማ ያን ጠዋት ምን እንደነገሩኝ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሥራዬ ውሃ መለካት ነው። እዚህ ከተማ ውሃ ሲባል ሰው የሚያስበው ጣናን ነው። አይፈረድበትም። 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ሐይቅ ደጅ ላይ ተኝቶ ስለ ሌላ ውሃ ማሰብ ይከብዳል። ጣና ግን ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ቦታው እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ትልቅ ዝርግ ሳህን ማለት ነው። ሳህኑ ውስጥ የሚገባውን የሚወስኑት ወንዞቹ ናቸው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ። እነዚህን ሁሉም ያውቃቸዋል። እያንዳንዳቸው ግን ስማቸውን የሰፈሩ ሰው ብቻ ከሚያውቃቸው ትናንሽ ጅረቶች የተጠራቀሙ ናቸው። የእኔ ጅረት ከነዚያ አንዱ ነው። በበጋ አንድ ልጅ ዘሎ ይሻገረዋል።

ከጅረቱ በላይ፣ ኮረብታው ወገብ ላይ፣ የድንጋይ ካባ አለ። ከተማ ሲያድግ ድንጋይ ይበላል። ለመንገዱ ጠጠር፣ ለመሠረቱ ድንጋይ፣ ለመሙያው ገረገንቲ፣ ለሰፈሩ መተላለፊያ ኮብልስቶን። ሁሉም ከዚያ ጥቁር ድንጋይ ነው የሚወጣው። ባዛልት ይባላል፤ ቀልጦ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ጣናን ራሱን የገደበው እንዲህ ያለ ድንጋይ ነው። በጥንት ዘመን የፈሰሰ ላቫ በደቡብ በኩል የውሃውን መውጫ ዘግቶ ሐይቁን አቆመው። ጢስ ዓባይም የሚወረወረው ከዚሁ ድንጋይ ላይ ነው። ይህን ሳስብ ካባውን እንዲሁ በጠላትነት ማየት አልችልም። የምኖርበት ቤት ግድግዳ ውስጥም ያ ድንጋይ አለ። ካባው ላይ ድንጋይ የሚፈልጡት፣ ሲኖ ላይ የሚጭኑት ልጆችም የዚያው መንደር ልጆች ናቸው።

መጀመሪያ የተላክሁት ቀላል ለሚመስል ሥራ ነው። ካባው ጅረቱን ይጎዳዋል ወይስ አይጎዳውም? በወር አንድ ጊዜ እየሄድሽ ለኪ ተባልኩ። ሁለት ነጥብ መረጥኩ። ላይኛው ከካባው በላይ ነው፤ የካባው ውሃ ፈጽሞ የማይደርስበት። ታችኛው ከካባው በታች፣ እማማ የሚቀዱበት ቦታ አጠገብ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው ውሃ ሲለካ ቁጥሩን ብቻ ይጠይቃል። «ስንት ሆነ?» ይላል። ቁጥር ለብቻው ግን ምንም አይነግርህም። ታች የወሰድኩት ውሃ ደፍርሶ ቢገኝ የደፈረሰው በማን ነው? ከላይ ማሳ አለ፤ ገበሬው ለጤፍ ደጋግሞ አርሶ አፈሩን አለስልሶታል። ከብት ይጠጣል፣ ይረግጣል። ልብስ ይታጠባል። ከላይ ያልለካ ሰው ታች ያየውን ሁሉ ለካባው ይሰጣል፤ ወይም ሁሉንም ለገበሬው ይሰጣል። ሁለቱም ግፍ ነው። ላይኛው ጠርሙስ የሚይዘው ካባው ባይኖር ጅረቱ ሊሆን የሚችለውን ነው። ያለ እሱ ታችኛው ጠርሙስ ሐሜት ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ከካባው በፊት የተለካ ነገር አለመኖሩ ነው። የመጀመሪያው ድማሚት ከመፈንዳቱ በፊት አንድ ዓመት ሙሉ፣ በጋውንም ክረምቱንም፣ ጅረቱ መለካት ነበረበት። ያ ዓመት አለፈ። በየትኛውም ገንዘብ አይመለስም። እኔ ያለኝ ላይኛው ነጥብና የእማማ ትዝታ ብቻ ነው። አዲስ ካባ ወይም አዲስ ማዕድን ሊከፈት ነው ሲባል በሰማሁ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ማን ሊከፍተው ነው?» አይደለም። «ጅረቱን ማን ለካው?» ነው።

አለካኩ ራሱ የሚከብድ አይደለም፤ ጥንቃቄ ነው የሚፈልገው። ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀህ ትደፋለህ፤ የምትደፋው ከቆምክበት በታች ነው። ፊትህን ወደ ላይ፣ ወደ ውሃው መምጫ ታዞራለህ፤ አለዚያ ራስህ ያደፈረስከውን ትቀዳለህ። ፒኤች የውሃው አሲድነት ልክ ነው፤ 7 መሃሉ ነው፣ ከዚያ ካነሰ አሲድ ነው። መለኪያው በየጠዋቱ ፒኤቻቸው በሚታወቅ የ4፣ የ7 እና የ10 መፍትሔዎች ካሊብሬት ይደረጋል፣ ማለትም ይስተካከላል። ለብረታ ብረት ምርመራ የሚሄደው ጠርሙስ ናይትሪክ አሲድ ይጨመርበታል፤ አለዚያ ብረቱ ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀርና ላቦራቶሪው ንጹሕ ውሃ ያገኛል። ሌላው በበረዶ ይያዛል። አንዱ ጠርሙስ ደግሞ እዚያው ሜዳ ላይ ዲስቲልድ ዋተር፣ ማለትም ተንኖ የተጣራ ውሃ፣ ተሞልቶ ይመለሳል። እሱ ላይ ቆሻሻ ከተገኘ ጥፋቱ የጅረቱ ሳይሆን የእኔ ነው።

ስለ ኦክስጅንም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ተማሪ ሲሳሳት አይቻለሁ። መጽሐፉ በ20 ዲግሪ ሙሉ የጠገበ ውሃ 9 ሚሊግራም በሊትር ገደማ ኦክስጅን ይይዛል ይላል። ያ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። እኛ ያለነው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። እዚህ የጠገበ ውሃ ከ7 ብዙም አይዘልም። ስለዚህ ጣና ዙሪያ 7 ያየ ሰው ጤነኛ ውሃ ነው ያየው። ይህን የማያውቅ ጅረቱን በሌለበት በሽታ ይከሰዋል።

ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ አሲድ ነው። «የማዕድን ውሃ አሲድ ነው ይባላል፣ እውነት ነው?» ይላሉ። የሚወሰነው በድንጋዩ ነው። አንዳንድ ድንጋይ ውስጥ ፓይራይት የሚባል፣ ከብረትና ከድኝ የተሠራ፣ ወርቅ የሚመስል ማዕድን አለ። መሬት ውስጥ ተቀብሮ እያለ ማንንም አይነካም። ተቆፍሮ አየርና ውሃ ሲያገኘው ግን ሰልፈሪክ አሲድ ይሆናል። አሲዱ ደግሞ ሌላውን ብረት ከድንጋዩ እያሟሟ ይዞ ይወርዳል። ጅረቱ ብርቱካንማ ዝገት ይለብሳል። በወርቅ፣ በመዳብና በድንጋይ ከሰል ቁፋሮ አካባቢ የሚፈራው ይህ ነው፤ ማዕድኑ ከተዘጋ በኋላም ለብዙ ዘመን ይቀጥላል። ወርቅ ሲሆን የሜርኩሪ ጣጣም አለ። ሜርኩሪ ወርቁን ለመልቀም ይገባና ጭቃው ውስጥ ይቀራል፤ እዚያ መልኩን ለውጦ ዓሣ ውስጥ ይጠራቀማል። የእኛ ባዛልት ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ድኝ የለበትም። የእኔ ጅረት ፒኤች ከላይም ከታችም 7 አካባቢ ነው። ስለዚህ ፒኤች ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው ካባውን በአንድ ቀን ነጻ አውጥቶት ይሄዳል። የድንጋይ ካባ ጉዳቱ ሌላ ነው። ዱቄት ነው። ክሬሸሩ የሚፈጨው ድንጋይ ዱቄቱ ታጥቦ ይወጣል፤ ያ አመድማ ውሃ የሚሄድበት ይፈልጋል።

ስምንት ወር ለካሁ። መኪና የሚገኘው ማክሰኞ ስለነበር ሁልጊዜ ማክሰኞ ነው የምሄደው። ከባሕር ዳር ተነስቼ ስደርስ ጠዋት 4 ሰዓት ይሆናል። ሁልጊዜም ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ተሰልፈው አገኛቸዋለሁ። ሁልጊዜም ውሃው ጥሩ ነው። ላይና ታች ያለው ልዩነት ኢምንት ነው። ሪፖርቴን ጻፍኩ። «ጉልህ ልዩነት አልታየም» አልኩ። ቁጥሮቹ እውነት ነበሩ። አንዱንም አልቀየርኩም።

ያ ዓረፍተ ነገር አንድ ስብሰባ ላይ ተነበበ። እኔም ነበርኩ። አንድ ገበሬ ተነስተው ጥጃዎቻቸው ከጅረቱ አንጠጣም እንዳሉ፣ ያጠጧቸው ቀን ደግሞ እንደሚያስቀምጣቸው ተናገሩ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው፤ ሽማግሌ ናቸው። መልስ የሰጠው ሰው የእኔን ወረቀት ከፍ አድርጎ አሳያቸው። «አባቴ፣ ይኸው በመሣሪያ ተለክቷል» አላቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተናገረም።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቁጥሬ እውነት ነው፤ እኚህ ሰውዬም አይዋሹም። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ ስምንቱን ወር ገለጥኩ። ሰዓቱን አየሁ። 4 ሰዓት። 4 ከሩብ። 4 ሰዓት። 4 ተኩል። ድንገት ሴቶቹ ትዝ አሉኝ።

ገጠር ውስጥ ውሃ የሚቀዳው መቼ ነው? ጎህ ሲቀድ ነው። ወፍ ሲንጫጫ። ሌላው ሥራ ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ እሳቱ፣ ቡናው፣ እንጀራው። ታዲያ ይህ ሁሉ ሴት ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ጅረት ዳር ምን ይሠራል? ስምንት ወር ሙሉ ዓይኔ እያየ አልጠየቅኩም። የተሰለፉት እኔን ሊቀበሉ አልነበረም። ውሃው እስኪጠራላቸው ጠብቀው ነው። እኔም የደረስኩት ልክ ከጠራ በኋላ ነው።

አንቺ በመጣሽ ቀን ሁልጊዜ ጥሩ ነው።

በሚቀጥለው ጉዞዬ መሣሪያ አላወጣሁም። እማማ ቤት ገባሁ። ቡና ተፈላ፣ ቆሎ ቀረበ። «እማማ፣ ድሮ ስንት ሰዓት ነበር የሚቀዱት?» አልኳቸው። «አዬ ልጄ፣ ድሮማ ሌሊት ነው እንጂ። ጨረቃ ካለች በጨረቃ።» «አሁንስ?» «አሁን ሌሊት የሚወርደው ጭቃ ነው። በዝናብ ጊዜማ አይጣል ነው። ረፋድ ላይ ነው የሚጠራው።» ጎረቤታቸው ደግሞ ልጇ ከትምህርት ቤት የምታረፍደው ለዚህ መሆኑን ነገረችኝ። ውሃውን ጠብቃ፣ ቀድታ፣ አድርሳ ነው የምትሄደው። ጳጉሜንንም አነሱ። ለሩፋኤል ሌሊት ጅረቱ ውስጥ ወርዶ መታጠብ የመንደሩ ልማድ ነበር። አሁን ልጆቹ ወደ ላይ፣ ከካባው በላይ ወዳለው ቦታ ይወጣሉ። እኔ ላይኛው ነጥብ ያልኩት እሱን ነው። እነሱ ያለ ምንም መሣሪያ ንጹሑን ቦታ ከእኔ ቀድመው መርጠውታል።

ስለዚህ በሰኔ፣ ሚካኤል ካለፈ በኋላ፣ ልብሴን ይዤ ሄድኩ። ማታ ወደ ከተማ መመለሻ መንገድ ስለሌለ እማማ ቤት እንዳድር ተስማማን። የያዝኩት መሣሪያ ቀላል ነው። ጥርት ያለ ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ፣ ሥሩ ላይ ጥቁርና ነጭ ምልክት። ውሃውን ቀስ እያልክ ትሞላለህ፤ ከላይ ሆነህ ምልክቱን ታያለህ። ምልክቱ ከዓይንህ ሲጠፋ የውሃውን ከፍታ በሴንቲ ሜትር ታነባለህ። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ውሃው ጥሩ ነው። ካነሰ ደፍርሷል። ባትሪ የለው፣ ካሊብሬት የለው። ሌሊት ሲሆን ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ባትሪ መብራት፣ ከአንድ ዓይነት ርቀት ማየት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ከሰዓት በኋላ ወደ 10 ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። እንደ ሰኔ ዝናብ ነው፤ ከበረዶ ጋር፣ ቆርቆሮውን እየደበደበ። 12 ሰዓት አካባቢ አባራ። የእማማ የልጅ ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ባትሪውን ይዞልኝ ወጣን። ማታ 1 ሰዓት ላይ ላይኛው 11፣ ታችኛው 10። ሁለቱም ቀይ ቡናማ። የማሳ አፈር ነው። በዚህ ሰዓት ካባው ጥፋት የለበትም፤ ይህንንም ጻፍኩ። በሰኔ መሬቱ ታርሶ ራቁቱን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ከሁሉ የበለጠ አፈር የሚያወርዱት ለዚህ ነው። ነሐሴ ላይ ሰብሉ መሬቱን ሲሸፍነው፣ ጅረቱ ቢሞላም እንኳ እንደዚያ አይደፈርስም።

ተመልሰን እሳት ዳር ተቀመጥን። 3 ሰዓት ላይ እንደገና ወጣን። ላይኛው ጠርቶ 24 ደርሷል። ታችኛው ላይ ቱቦውን ገና መሙላት ስጀምር ምልክቱ ጠፋ። 3 ሴንቲ ሜትር። ደግሜ ለካሁ። 3። ልጁ ባትሪውን ውሃው ላይ አበራ። ቀይ አልነበረም። አመድ የፈሰሰበት ይመስል ግራጫ ነበር። በጣቶቼ መሃል አሸሁት፤ እንደ ሲሚንቶ ይንሸራተታል። እማማ ከኋላችን ደርሰው ቆመዋል። ምንም አላሉም። እኔም የምለው አልነበረኝም። ጠርሙሶቹን ሞላሁ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከብርዱ ይሁን ከሌላው አላውቅም።

በነጋታው ምክንያቱ በግልጽ ታየ። ከክሬሸሩ በታች የማጠቢያ ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ አለ። ሐሳቡ ዱቄቱ እዚያ እንዲዘቅጥና ጠራ ያለው ውሃ ብቻ እንዲወጣ ነው። ገንዳው ግን ትንሽ ነው፤ በዱቄት ተሞልቷል፤ ዝናብ ሲጨመርበት ይፈሳል፣ ወይም ይለቀቃል። ሁልጊዜም ከዝናቡ በኋላ፣ ሁልጊዜም ሥራ ካበቃ በኋላ። ከገንዳው እስከ ጅረቱ ያለው ቦይ ትኩስ ግራጫ ጭቃ ነበረበት።

ከላቦራቶሪ ሌላም ነገር መጣ። የታችኛው ናሙና ናይትሬት ከላይኛው በግልጽ በልጦ ተገኘ። ለዚህም ምክንያት አለው። ካባ ላይ ድንጋይ ለማፈንዳት ብዙ ጊዜ የሚገባው አሞኒየም ናይትሬት ከናፍጣ ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ የማዳበሪያ የቅርብ ዘመድ ነው። ሳይፈነዳ የቀረውና መሬት ላይ የተንጠባጠበው በዝናብ ይሟሟል። ከማሳው የሚወርድ ማዳበሪያም አለ፤ እሱ ግን ላይኛው ጠርሙስ ውስጥ ስላለ መቀነስ ይቻላል። ቁጥሩ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካስቀመጠው 50 ሚሊግራም በሊትር በታች ነበር። ይህንንም በትልቁ ጻፍኩ። ሰውን ለማስደንገጥ ቁጥር ማጋነን አልፈልግም። አንድ ጊዜ የተጋነነ ቁጥር ከተያዘ ቀጥሎ የሚመጣውን እውነተኛ ቁጥር ማንም አይሰማም።

ጭቃ ብቻ ነው ታዲያ፣ ጭቃ ደግሞ ምን ያደርጋል የሚለኝ ሰው አለ። ከከተማ ሰው ብዙ ጊዜ እሰማዋለሁ። መልሴን ከዓሣው ልጀምር። ባሕር ዳር ውስጥ ነጭ ዓሣ የምንለው፣ ሳይንሱ ላቤኦባርበስ የሚለው፣ አንድ ዓሣ አይደለም። 15 የሚሆኑ ከጣና ውጪ በዓለም የትም የማይገኙ ዝርያዎች አሉት። እንዲህ ያለ ሌላ የዓሣ ቤተሰብ ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ እሱ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ከነዚህ የጣና ዓሣዎች ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፤ ጉማራን፣ ርብን፣ ትናንሾቹንም ጅረቶች ሳይቀር። ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ጠጠር ላይ ነው። በጠጠሩ መሃል ውሃ እየተሽሎከሎከ ዕንቁላሉን ያስተነፍሰዋል። ዱቄት የጠጠሩን ቀዳዳ ሲደፍነው ዕንቁላሉ ታፍኖ ይሞታል። መርዝ አያስፈልገውም። ጉማራና ርብ ላይ ደግሞ ሌላው ሥራ አለ፤ አሸዋ የሚወጣው ከወንዙ ወለል ነው። አሸዋውን የምንፈልገው እኛ ነን፣ ለዚያው ለከተማችን። ዓሣው የሚወልድበት አልጋ ነው በሲኖ ተጭኖ የሚመጣው። ዓሣው የሚወጣው በክረምቱ ነው፤ የካባው ዱቄት በዝናብ ወደ ጅረቱ የሚወርደውም ያኔ ነው።

ድንጋይ ማገላበጥ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ከላይ፣ ከውሃ ውስጥ ያነሳሁት ድንጋይ ሥር ሦስት ጅራት ያላቸው ትንንሽ ነፍሳት ይሯሯጣሉ። ንጹሕና ኦክስጅን የሞላበት ውሃ ይወዳሉ፤ ጭቃ አይችሉም። ታች ያነሳሁት ድንጋይ ሥር ቀያይ ትሎች ብቻ ናቸው፤ እነሱ የትም ይኖራሉ። ይህን መለኪያ ከሁሉ በላይ እወደዋለሁ። ጠርሙስ የሚይዘው የቀዳህበትን ደቂቃ ብቻ ነው። ነፍሳቱ ግን ሌሊቱንም እዚያው ናቸው። እኔ ማክሰኞ 4 ሰዓት መጥቼ ብሄድም እነሱ ሐሙስ ማታም ነበሩ። ስምንቱን ወር አንድ ድንጋይ ገልብጬ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌው ያን ቀን አንገታቸውን አይደፉም ነበር።

ሁለተኛውን ሪፖርት ጻፍኩ። በእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ሰዓቱንና ከዝናብ በፊት ይሁን በኋላ መሆኑን አስቀመጥኩ። የመጀመሪያው ሪፖርቴ ምን እንደጎደለውም እዚያው ጻፍኩ። «ራስሽን ለምን ትከሻለሽ?» ያሉኝ ነበሩ። ያ ወረቀት የአንድን ሰው አፍ ዘግቷል። ያን ሳላነሳ ሁለተኛውን ማምጣት አልቻልኩም። ሽማግሌውንም ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ተይው ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ» አሉኝ። እንዲህ ማለታቸው ይብስ አሳመመኝ።

ካባው ሁለተኛ ገንዳ ቆፈረ። ይህን መካድ አልፈልግም፤ ለውጥ አለ። ገንዳ ግን ካልተጠረገ ጉድጓድ ነው። በሐምሌ ይሞላል። ማን ይጠርገው፣ በየስንት ቀኑ፣ የተጠረገው ጭቃስ የት ይደፋ? ይህ ገና አልተቋጨም። ካባው የሚያየው ሰው እንዳለ ሲያውቅ ይጠነቀቃል፤ ሰው ከሌለ ይረሳል።

ቡና ላይ ስለ ሕጉም አወራን። ብዙዎቹ መክሰስ የሚችለው መሬቱ የተወሰደበት ወይም ከብቱ የሞተበት ብቻ ይመስላቸው ነበር። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 አንቀጽ 11 እንደዚያ አይልም። ማንም ሰው፣ በግሉ ምን እንደተነካበት ማሳየት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን ይጎዳል በሚለው ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ አካል አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይህን ስነግራቸው እማማ «ማንም ማለት እኔም?» አሉኝ። «እርስዎም» አልኳቸው። ስኒያቸውን አስቀምጠው ትንሽ ዝም አሉ። «አቤት ለማለት ግን ቀኑንና ሰዓቱን ማወቅ ያስፈልጋላ» አሉ።

እኔ በየሌሊቱ እዚያ መሆን አልችልም። ላብራቶሪውም በየሳምንቱ አይከፈልለትም። ስለዚህ ቱቦውን ለልጁ ሰጠሁት። አንድ ደብተርም ገዛሁለት። ሁለት ሳምንት አብሬው እየሆንኩ ለካን፤ እሱ ያነበበውንና እኔ ያነበብኩትን ሳንተያይ ጽፈን እናስተያያለን። ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ተለያይተን አናውቅም። ጅረቱ ሲሞላ ወደ ውሃው እንዳይገባ፣ በገመድ ባልዲ ብቻ እንዲቀዳ አስምዬዋለሁ። ትልቅ ሰው ከሌለም ሌሊት አይወጣም። አሁን ሁለት ጓደኞቹም ይለካሉ። አንዷ የዝናብ መለኪያ ከቆርቆሮ ጣሳ ሠርታለች።

ባለፈው የሄድኩ ጊዜ ደብተሩን አየሁት። ጠርዙ ረጥቦ ደርቋል። ሰዓት፣ ዝናብ፣ ላይኛው፣ ታችኛው፣ ቀለም፣ ሽታ ብዬ ያሰመርኩለት ሠንጠረዥ አለ። እሱ በገዛ እጁ ሰባተኛ መስመር ጨምሯል። «አያቴ» ይላል። የመጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ ተጽፏል።

ማታ 2 ሰዓት ከሩብ። ዝናቡ ቆሟል። ላይኛው 22። ታችኛው 6። ግራጫ። ሽታ የለም። አያቴ አልቀዳችም።

ከሥሩ ደግሞ፦

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል። ዝናብ የለም። ላይኛው 38። ታችኛው 29። ጠርቷል። አያቴ ቀድታለች።